በዴንሱ ዳር ስላሉት ዛፎችህ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኢማኑኤል ላርቢ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለፈው ክረምት የያዘህ ሳል ጨርሶ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ያስቆምሃል? ባለቤትህ ኤድና እንዴት ናት፣ የጣቶቿ ቁርጥማት ተሻላት? ልጆችህስ? ግሬስ በሥራዋ በርትታለች? ጄምስስ ጽሕፈቱን አሳመረ ወይስ አሁንም ዶሮ የጫረችው ይመስላል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። የእኔ ዓይን ትንሽ ፈዟል፤ እጄ ግን አይንቀጠቀጥም። ይህን ወረቀት ሳላሰምርበት እንደጻፍኩት አስተውል። የእናታችን መቃብር ዙሪያው ተመንጥሯል። ቤቱም ከማድ ቤቱ በቀር አያፈስም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቀን አልጻፍክበትም። ኦገስት መጨረሻ ላይ መጻፉን ያወቅሁት ከፖስታው ማኅተም ነው። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ቀን የሌለው ደብዳቤ አይልክም፤ ይህን ካልኩህ በኋላ ወደ ጥያቄዎችህ እገባለሁ።

ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል። አንደኛው፣ በሊቨርፑል ወደብ አብረውህ የሚሠሩት ሰዎች በፌብሩዋሪ ወር አክራ ውስጥ ሱቆች መቃጠላቸውን በጋዜጣ አንብበው፣ ወገኖችህ ነጻነት የሚሉት ለካ ርካሽ ጨርቅና ሰርዲን ነው እያሉ እንደሳቁብህ፣ አንተም የምትመልሰው አጥተህ ዝም እንዳልክ ጽፈሃል። ነገሩ ከዚያ ከፍ ያለ መሆኑን እንድጽፍልህና ለእነሱ እንድታነብላቸው ትለምነኛለህ። ሁለተኛው በዴንሱ ወንዝ ዳር የተከልካቸው የካካዎ ዛፎችህ ቆመው እንደሆነ ነው። ስድሳ ሲሞላህ ወደ አገርህ ተመልሰህ በእነሱ ለመኖር እንደምታስብ አውቃለሁ።

በልብህ የሚበልጠው ሁለተኛው ስለሆነ ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልንገርህ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ዛፎችህ ቆመዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ ታመዋል። ምን እንደሚደረግባቸው የምትወስነው አንተ ነህ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለዚያ ነው። ለመወሰን ግን የሆነውን ማወቅ አለብህ፤ ስለዚህ መጨረሻውን ቀድመህ እንዳታነብ፤ በተራው ሂድ።

የወደቡ ሰዎች ልክ ናቸው፤ ለጨርቅ ነው። ይህን የምጽፍልህ አንገቴን ደፍቼ አይደለም፤ አንተም አትድፋ።

ባለፈው ዓመት የእህታችን ልጅ ሰሎሜ ልታገባ ስትል ኮፎሪዱዋ ወርጄ ከአንድ ትልቅ የነጭ ሱቅ ስድስት ያርድ ጨርቅ ጠየቅሁ። ዋጋው ከጦርነቱ በፊት የማውቀው ዋጋ አልነበረም፤ እሱንም ዋጥ አደረግሁት። ሻጩ ግን መቀሱን ከማንሣቱ በፊት አንድ ደርዘን የጢም ምላጭ አብሬ ካልገዛሁ ጨርቁን እንደማይሸጥልኝ ነገረኝ። ያልተሸጠ ዕቃ ሲከማችባቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ አንዷን የፋኖስ ብርጭቆ፣ ሌላዋን የማትፈልገውን የበር ማጠፊያ ያሸክሟታል። ጢም እንደሌለኝ በጨዋ እንግሊዝኛ አስረዳሁት። ለባለቤትዎ ይሆናል እማማ አለኝ። ባለቤቴ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደሆነው፣ በሕይወት ሳለም ጺሙን አሳድጎ ይኖር እንደነበር ነገርኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። ሻጩ ግን ምላጩን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ሰሎሜ ያለ ጨርቅ ልትዳር ስለማትችል ከፈልኩ። በመኪና ስመለስ ሳስበው ነገሩ እንዲህ ሆኖ ታየኝ፤ በገዛ ገንዘቤ የምገዛውን የሚመርጥልኝ ሰው አሳዳጊዬ ነው። እኔ ደግሞ አሳዳጊ ከሚያስፈልገኝ ዕድሜ ካለፍኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

አንተ የረሳኸው ሌላ ነገር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ኤድና እናት ዕረፍት በጻፍክልኝ ደብዳቤ ግርጌ፣ ቦታ ስለተረፈህ ነው መሰለኝ፣ ከመርከብ የምታወርዱት ካካዎ ሊቨርፑል ላይ በስንት እንደሚሸጥ አንድ መስመር ጨምረህ ነበር። ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። በልጅነትህ ዜሮ ትደርብ ስለነበር የአንተ ስህተት መሰለኝ። ከዚያ ለኦፓኒን ክዋቴንግ አሳየሁት፤ ከእኛ ማሳ በላይ ያለው ክዋቴንግ ነው፣ አሁን የገበሬዎቹ ሽማግሌ ሆኖ ኦፓኒን ተብሏል። መንግሥት ካካዎውን ሁሉ ብቻውን እየገዛ ለእኛ የሚሰጠን አንተ ከጻፍከው ዋጋ ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበር። ቀሪው ለክፉ ቀናችሁ ተቀምጧል ይሉን ነበር። ክዋቴንግ በገበሬዎች ስብሰባ ፊት አቁሞ ደብዳቤህን አስነበበኝ። ስጨርስ አንዱ ከወደ ጥግ፣ ክፉ ቀን የተባለው ከዛሬ ሌላ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ስለዚህ ለወደቡ ሰዎች ስትነግራቸው ነገሩን ከጀመሩት አንዱ አንተ ራስህ መሆንህን አትደብቃቸው።

በሽታው የገባው ከዚያ በፊት ነው። ቅርንጫፉ ያብጣል፣ ለጋው ቅጠል ላይ እንደ ደም ሥር ያሉ ቀያይ መስመሮች ይወጣሉ፣ ዛፉም በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ይደርቃል። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ሁሉ ቆርጦ ማቃጠል ነው ብሎ መንግሥት አዘዘ። ባለፈው ኖቬምበር የእርሻ ሹሙ በትልቁ ዛፍ ሥር ሰበሰበን። ቁምጣ ስለሚለብስና ጉልበቱን ፀሐይ ስለጠበሰው ቀይ ጉልበት እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም። አስተርጓሚ ሆኖ አብሮት የመጣው ኖርቴ የሚባል የባሕር ዳርቻ ልጅ ነበር፤ ቋንቋችንን የለመደው በገበያ ነው። ሹሙ ለሚቆረጠው ለእያንዳንዱ ዛፍ መንግሥት ጥቂት ገንዘብ እንደሚሰጥ ተናገረ። ኖርቴ ይህን ሲተረጉም፣ መንግሥት ንሳዋ ይሰጣችኋል አለ።

ንሳዋን አንተም አትረሳውም፤ ሰው ሲሞትብን ለቀስተኛ የሚያዋጣልን ነው። ክዋቴንግ ልብሱን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ ተነሣና በታላቅ ትሕትና አመሰገነ። ጌታው ሐዘናችንን ስለተካፈሉ ደስ ብሎናል፤ ግን በሽተኛው ገና ይተነፍሳል፣ ባለፈው መከርም ስድስት ጆንያ ሰጥቶኛል፤ በቁሙ ሳለ የለቅሶውን ገንዘብ ብቀበል ምን እባላለሁ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀይ ጉልበትም የተባለው ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

ታውቀኛለህ፣ በቦታው ያልዋለ ቃል ሰምቼ መቀመጥ አልችልም። ጀርመኖቹ ሴቶች በዚያ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጣቴን በማስመሪያ እየመቱ ያስተማሩኝ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ተነሥቼ፣ ልጄ ኖርቴ፣ ሹሙ ያሉት ካሳ ነው፣ አስተካክለህ ተርጉም አልኩት። ለሰላም የጠቀምኩ መስሎኝ ነበር። ኖርቴም ተሸማቆ አረመ። ክዋቴንግ ግን ገና አልተቀመጠም ነበር።

«ካሳ ከሆነማ ተሻለ» አለ። «ካሳ የሚከፍለው የበደለ ነው። እንግዲህ ጌታው ምን እንደበደሉን አስቀድመው ይንገሩን፤ ስለ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ እንጫወታለን።»

አሁን የሳቀ የለም። ኖርቴ ሦስተኛ ቃል እንድሰጠው በዓይኑ ለመነኝ። ፈለግሁለት፤ አላገኘሁም። ባለቤቱን ሳይጠይቁ የሰው ዛፍ ቆርጦ ገንዘብ መወርወር በእኛ ዘንድ ስላልነበረ ስም አልወጣለትም። ቀይ ጉልበት ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እነዚህ ሰዎች የሚያዙት ዛፉን ብቻ አይደለም፣ አገሩን ነው የሚል ንግግር በመንደራችን የሰማሁት። የተናገሩትም ኮት የለበሱ የአክራ ወጣቶች አልነበሩም፤ የካካዎ ጭማቂ ልብሳቸውን ያጠቆረባቸው ሰዎች ናቸው።

በጃንዋሪ ቆራጮቹ መጡ። መጀመሪያ የመጡት ወደ አንተ ዛፎች ነው። መምጣታቸውን ሰምቼ ስለነበር ወንበሬን አሸክሜ ወርጄ በወንዙ በኩል ያለው መግቢያ ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ አለቃቸው ቦአፎ ነበር። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ቦአፎ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«መምህርት፣ እባክዎ ይነሡልኝ። እኔ ታዝዤ ነው።»

ትእዛዙን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ወረቀቱ ላይ የባለቤቱ ስም ኢማኑኤል ላቢ ተብሎ ተጽፏል፤ አንዱ ፊደል ተውጧል። ቦአፎ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደረግሁ። ላቢ አለ። በዚህ አገር ላቢ የሚባል ሰው እርሻ እንዳለ ጠየቅሁት። የለም አለ። እንግዲያው የሌለውን ሰውዬ ዛፍ ፈልገህ ቁረጥ፣ ይህ የሌላ ሰው ነው አልኩት። ከኋላው ከቆሙት አንዱ፣ ምን አለባት፣ የአንድ ፊደል ነገር እኮ ነው ብሎ አጉረመረመ።

«አንተ ዝም በል» አለው ቦአፎ። «እሷን አታውቃትም። እኔን በአንድ ፊደል ክፍል አስደግማኛለች።»

ወረቀቱን ሊያሳርሙ ተመለሱ። መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ነውና ሳይመለሱ ሳምንታት አለፉ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። ያን ቀን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከራሴ በላይ በተንጠለጠለው ለጋ ቅጠል ላይ ቀዩን መስመር አይቼዋለሁ። ዛፎችህ መታመማቸውን እያወቅሁ ነው ሰዎቹን የመለስኳቸው። አልዋሸሁም፤ የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና። ጠባችን ዛፉ ታሟል ወይስ አልታመመም በሚለው ላይ አልነበረም።

በዚያው ወር የፈረንጅ ዕቃ ማንም እንዳይገዛ አለቆቻችን ተስማምተው፣ አዋጅ ነጋሪው ደወሉን እየመታ መንደር ለመንደር ዞረ። ጨርቅ የለ፣ ሰርዲን የለ፣ ስኳር የለ፣ ሳሙና የለ። ሴቶቹ የካካዎ ቅርፊት አቃጥለው በአመዱና በፓልም ዘይት እንደ እናታችን ጥቁር ሳሙና ሠሩ፤ ብዙዎቹ ረስተውት ነበር፣ እኔ ልኩን ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ሁላችንም አሮጌ ልብሳችንን ለብሰን ሄድን፤ ከዚያ በፊት እንዲህ አምረን አናውቅም። እኔ ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የምጠጣውን ሻይ ተውኩ። ለአንድ ወር ከአራት ቀን ራሴን አመመኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ክዋቴንግ ግን ልብሱ ሥር የሰርዲን ቆርቆሮ ደብቆ ጠረኑ አስያዘው፤ በአለቃው ፊት ቀርቦ አንድ በግ ተቀጣ። ከጦርነቱ በፊት የተገዛ ነው ብሎ ተከራከረ። እንግዲያው በግ የሚያስቀጣህ ምግቡን ይህን ያህል ዘመን ማስቀመጥህ ነው አሉት። እስከ ዛሬ ድረስ ሲያልፍ ልጆች አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነጋዴዎቹ ዋጋ ሊቀንሱ ተስማሙ፤ አድማውም ቆመ። በዚያው ቀን አክራ ውስጥ በበርማ የዘመቱ ወታደሮቻችን አቤቱታ ይዘው ሲሄዱ ተተኮሰባቸው፤ ሦስት ሰው ሞተ። ሱቆቹ የተቃጠሉት ከዚያ በኋላ ነው። ቃጠሎውንና ዝርፊያውን አላመሰግንም። ኮፎሪዱዋ ላይ ያልከፈሉበትን ጨርቅ ተሸክመው ለመጡ ሴቶች ፊት ለፊት ተናግሬያቸዋለሁ። የሞቱት ግን ምን ፈልገው እንደነበር ለሰዎችህ ንገራቸው፤ ቃል የተገባላቸውን ጡረታና ሥራ ነው።

ከፍ ያለ ነገር ትላለህ። አንተ ትምህርት ቤት የገባኸው በካካዎ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የካካዎ ነው። ሊቨርፑል ያደረሰህ መርከብ የተከፈለው በካካዎ ነው። የዚህን ፍሬ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው የልጆቻችንን መድረሻ ይቆርጣል። ይህ ዝቅ ያለ ነገር መስሎ ከታያቸው፣ በጁን ወር የወደብ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አቁሞ እንደነበር አንተው ጽፈህልኛል፤ እነሱ ያን ጊዜ የጠየቁት ምን ነበር? ይህን በትሕትና ጠይቃቸው። ወጣቶቹ አሁን በየአደባባዩ ራስን ስለ ማስተዳደር በትልልቅ ቃል ይናገራሉ። ደግ አደረጉ፤ አንዳንዶቹ በደንብ ይናገራሉ። እኔ ግን ነገሩን ገና በምላጭና በሳሙና ልክ ሳለ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህም እኮራበታለሁ።

ከአክራው ግርግር በኋላ መንግሥት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ አቆመ። መንደሩ ሲጨፍር እኔ ዛፎችህን ቆጠርኩ። ጁላይ ላይ ኮፎሪዱዋ ሄጄ ቀይ ጉልበትን ቤቴ ጠራሁት። ከኖርቴ በቀር ማንንም ሳያስከትል፣ ወረቀትም ሳይይዝ መጣ። ፉፉ በፓልም ሾርባ አቀረብኩለት፤ በእጁ ነው የበላው፣ ያውም በሥርዓት። ከዚያ ማሳው ውስጥ ይዤው ገብቼ የምፈልገውን ሁሉ ጠየቅሁት። በሽታው በምን ይተላለፋል፣ በስንት ጊዜ፣ ግማሹ ቢቆረጥ ምን ይሆናል። በቢላው ቅርፊቱን ልጦ እብጠቱን አሳየኝ፤ ጉንዳኖች ከዛፍ ዛፍ የሚያዘዋውሯቸውን ነጫጭ ተባዮችም አሳየኝ። በዚህ አገር በኖረባቸው ሦስት ዓመታት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገረኝ። እናንተስ መች ጠየቃችሁን አልኩት። ኖርቴ ይህን በትክክል ተረጎመ።

እንግዲህ ሁኔታው ይህ ነው። ከዛፎችህ ሦስት መቶ ያህሉ ታመዋል፤ የቀሩትም መታመማቸው አይቀርም። የእኔ ዳገቱ ማሳና የክዋቴንግ ማሳ እስካሁን ንጹሕ ናቸው። የአንተ አሁን ተነቅሎ ቢቃጠል የእኛ ሊተርፍ ይችላል። ቢቆይ በዓመት ውስጥ ወደ እኛ ይወጣል። አዲስ ተክል ፍሬ እስኪሰጥ ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ ያን ጊዜ ስድሳ ሁለት ዓመት ይሞላሃል። አምስት መቶ ችግኝ በቅርጫት አፍልቼ ጥላ ሥር አስቀምጫለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ክዋቴንግ ተቆጥቶ መጣ። ዛፍ በፖስታ ይቆረጣል እንዴ መምህርት፣ መልስ እስኪመጣ የእኔም ያልቃል፣ ቁረጪውና ይለይልን፣ ታናሽሽ አይደለም፣ ምን ሊልሽ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምንም አትለኝም ነበር። ቦአፎም ያን ሥራ ትቶ መጥቷል፣ ሰዎቹን ይዞ በሁለት ቀን ይጨርስልኛል። ለክዋቴንግ የመለስኩለት እንዲህ ነው። በጃንዋሪ የመጡትን የመለስናቸው ስለ በሽታው ተሳስተው አልነበረም፤ ሳይጠይቁን ስለመጡ ነው። እኔ ልክ ስለሆንኩ ብቻ ሳልጠይቅ ከገባሁ፣ ያ ሁሉ ራስ ምታት ለምን ነበር? ክዋቴንግ ተቀመጠ። ቀጥሎ፣ እንግዲያው ቶሎ ጻፊለት፣ ሰውዬው ደግሞ ሰነፍ ጸሐፊ ነው አለ።

ምክሬን ከፈለግህ፣ ይቆረጡ። በዐሥራ ሰባት ዓመትህ እግርህ እያበጠ ከእኔ ጋር የተከልካቸው መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ይህን ስጽፍም ቀላል ሆኖልኝ አይደለም። አይሆንም ካልክም ይቆማሉ፣ በእኔ ማሳ ላይ የሚመጣውን እኔ እችለዋለሁ፣ አንድ ቀን አልወቅስህም። ከኤድና ጋር ተማከርበት፤ ከዚያ በአውሮፕላን ፖስታ መልስ ላክልኝ። ቃልህ እስኪመጣ ድረስ ማንም ገጀራ ይዞ ወደ ወንዙ አይወርድም፤ እኔም ጭምር።

ለኤድና በሁለት እጄ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ለጣቷ የሚሆን የሺአ ቅባት በሚቀጥለው መርከብ እልክላታለሁ። ግሬስን አክስትሽ ትስምሻለች በልልኝ። ለጄምስ በየቀኑ አንድ ገጽ እንዲገለብጥ ንገረው። ከእኛ በኩል ሰሎሜና ባሏ ሰላም ይሉሃል፤ ወንድ ልጅ ወልዳ ስሙን ባንተ ስም ላርቢ ብላዋለች፣ ጥርስ አብቅሏል። ክዋቴንግ በሰርዲኑ ነገር የጻፍኩብህን እንዳታምን ብሎ ሰላምታውን ይልካል። ቦአፎም እጅ ይነሣል። እግዚአብሔር በዚያ ብርድ ውስጥ ይጠብቅህ።

እህትህ ሮዚና ኮራንቴማ
አሱኦማ፣ ኮፎሪዱዋ አጠገብ
ኦክቶበር 16 ቀን 1948